ስለ ጨዋታ ሣጥን አመጣጥ

አንባቢ ሆይ፤ በገበጣ ጠጠሩን የሚቈጥር ተጫዋቹ፣ የሚፈርደውም የባልንጀራው ዐይን ነው። በባሕር ማዶም በቴሌቪዥን የሚጫወቱበት የመጀመሪያው የቤት ሣጥን እንዲሁ ነበረ። በ1938 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ራልፍ ቤር በ1966 አሰበው፤ ማግናቮክስም በ1972 «ኦዲሴይ» ብሎ ሸጠው። ድምፅ አልነበረውም፤ ነጥቡንም የሚይዙት ተጫዋቾቹ ነበሩ። በዚያው ዓመት ግን የአታሪ «ፖንግ» በመጠጥ ቤት ቆሞ ሳንቲም እየተቀበለ ነጥቡን ራሱ ቈጠረ። በ1978 ጃፓናዊው ኒሺካዶ በሠራው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ደግሞ ባላጋራው ራሱ መኪናው ሆነ።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የገበጣን ዐይነት በ1971 ጽፈው አቈዩልን። «በላሁ፤ አልበላህም» ተባብሎ በእውነት መፍረድ ግን በመጽሐፍ አይቈይም፤ የላስታ ልጆች ከሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ካልተማሩት ይጠፋል።