መምህርና ተማሪ እንዴት ሲጠራሩ ኖሩ?

ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ስለ ሕንፃዎቹ፣ ስለ ስፖርቱና ስለ ፈተናው ውጤት የሚጽፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ናቸው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን በየቀኑ ከአፋችን ስለሚወጣ አንድ ትንሽ ነገር ለመጻፍ መረጥን፤ ይኸውም መምህርና ተማሪ እርስ በርሳቸው ስለሚጠራሩበት ቃል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ክርክር ያስነሣል። ከሌላ ስፍራ ተዛውረው ወደ ድሬዳዋ የሚመጡ ሰዎች፣ የዚህ ከተማ ልጅ ታላቁን «አንተ» ብሎ ሲያነጋግር ሰምተው ይደነግጣሉ፤ «ድሬዎች አንቱታ አያውቁም» እያሉም ይወቅሱናል። ወቀሳው እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ መመልከት ያስፈልጋል።

አስቀድመን ስለ ቋንቋው እንናገር። አማርኛ አንድን ሰው ለማነጋገር ለወንድ «አንተ»፣ ለሴት «አንቺ»፣ ለሚከበር ሰው «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይላል። «እርስዎ» የሚለው ቃል «ርእስ» ማለትም ራስ ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ነው። «እርስዎ መጡ» ስንልና «እነርሱ መጡ» ስንል ግሡ አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ ማክበር ማለት በአማርኛ አንዱን ሰው እንደ ብዙ መቍጠር ነው ለማለት ይቻላል። ፈረንሳዮችም ለአክብሮት «ቩ» የሚሉት ቃል የብዙ ነው፤ በብዙ ስፍራ በኦሮምኛ የሚነገረው «ኢሲን»ም እንደዚሁ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ዛው» የሚለውን የጥንቱን «አንተ» ከተለመደው ንግግር አስወጥቶ ለሁሉም «ዩ» ስለሚል፣ የእንግሊዝ ተማሪ አክብሮቱን የሚገልጠው «ሰር» በሚለው ቃልና በድምፁ ነው።

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ይል ነበር፤ ዛሬም ይላል። ቃሉ «የኔ ጌታ» ከሚለው ያጠረ ነው። ጌትነቱ ግን የርስት ወይም የሹመት አልነበረም። መምህሩ ድኻም ቢሆን፣ ዓይነ ስውርም ቢሆን፣ ዕውቀት ካለው «የኔታ» ነው። ተማሪውም እንጨት እየለቀመ፣ ውሃ እየቀዳ፣ ምግቡን በየመንደሩ እየለመነ ይማራል፤ መምህሩም «ልጄ» ይለዋል። ቅጣቱ የበረታ፣ አለንጋና የእግር ብረት የነበረበት ስለ ሆነ ያለፈው ሁሉ መልካም ነበር አንልም። ነገር ግን ጥሪው የሁለት ወገን ነበር፤ «ጌታዬ» የሚል ተማሪ «ልጄ» የሚል መምህር ነበረው። በእኛም አካባቢ የቁርኣን ተማሪ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሲማር፣ መምህሩን ሐረሪው «ከቢር»፣ ሶማሌው «መዓሊም» ብሎ በዕውቀቱ ስም ይጠራዋል።

ዕውቀት ከትውልድ በላይ እንደሚከበር የሚያሳይ ምሳሌ ከጎረቤታችን ከሐረር እናገኛለን። የአገረ ገዢው የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በልጅነታቸው ካስተማሩአቸው አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥማ አባ ሳሙኤል ሲሞቱ ተማሪያቸው ተረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም መምህራቸውን በአክብሮት ያነሡአቸዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ መጠሪያውም ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ወደ እኛ ከተማ ደግሞ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲደርስ ፈረንሳይኛ አብሮት ገባ። አማርኛ «ሙስዩ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል «ሙሴ» አድርጎ ተቀብሎት ነበርና፣ የምኒልክ አማካሪ የነበሩት ስዊሳዊው ኢልግ «ሙሴ ኢልግ» ይባሉ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን እኛም መምህሮቻችንን «አባ»፣ «ሲስተር»፣ «ብራዘር» ስንል ኖረናል። ትርጕማቸውን ብንመረምር አባት፣ እኅትና ወንድም ማለት ነውና ከ«ልጄ» ጋር የሚስማሙ የቤተ ሰብ ቃሎች ናቸው።

በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲመደቡ «ሚስተር»ና «ሚስ» የሚሉት ቃላት በየክፍሉ ተሰሙ። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። አሜሪካዊው «ሚስተር» ብሎ የሚያስከትለው የቤተ ሰቡን ስም ነው። ከበደ ተሰማ የሚባለውን ኢትዮጵያዊ «ሚስተር ተሰማ» ማለት ግን አባቱን መጥራት ነው። በእኛ ዘንድ «አቶ ከበደ» ይባላል እንጂ፤ ክብሩም የሚሰጠው ለራሱ ስም ነው። ዛሬ በሰፊው የምንሰማው «ቲቸር» የሚለው ቃልም ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «ጓድ» የሚለው መጠሪያ ተስፋፋ። በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ ለጉዳያችን የሚጠቅመው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ወጣት ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተው አባትና እናት የሚሆኑአቸውን ሰዎች ፊደል አስቆጠሩ። እዚህ ላይ የጥንቱ ሥርዓት ተገለበጠ፤ ዕድሜ ክብሩን ወደ ተማሪው ሲስብ፣ ዕውቀት ደግሞ ወደ አስተማሪው ሳበው። የሚማሩትን አረጋዊ «አንተ» ማለት ነውር፣ የሚያስተምረውንም ልጅ መናቅ ነውር ሆነ። ከዚህ የምንማረው አንቱታ ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ግብር አለመሆኑን ነው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ እስከ መጋላና ቀፊራ የሚሄድ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪና ዓረብኛ ይሰማል። ሶማሊኛ ታናሹንም ታላቁንም «አዲጋ» ይላል፤ አክብሮቱን ግን አጎት ለማለት «አዴር»፣ አክስት ለማለት «ኤዶ» በሚሉት ቃሎች ይገልጠዋል። ዓረብኛ ተናጋሪም መምህሩን «አንተ» እያለ «ኡስታዝ» ሲለው አላዋረደውም። ከእነዚህ ቋንቋዎች መካከል ያደገ ልጅ በአማርኛ «አንተ» ቢል፣ በእኛ አስተያየት፣ ቅርበትን እንጂ ንቀትን አያመለክትም። ስለዚህ ወቀሳው በሙሉ ልክ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ይህን ሰበብ አድርገን እንደ ልባችን መናገር አይገባንም። መምህሩ ከጎንደር ወይም ከሸዋ የመጣ ከሆነ ጆሮው የሚያውቀው ክብር «እርስዎ» የሚለው ነውና፣ ሰውን እርሱ በሚገባው ቃል ማክበር የእኛ ፈንታ ነው።

ወደ መምህራንም የምናቀርበው ቃል አለን። ለተማሪ «አንተ» ወይም «አንቺ» መባል ቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ የሚያስከፋው ከእርሱ በኋላ የሚከተለው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የአንዲት ልጅ ስም ለአፍ ከበደ ተብሎ ዓመቱን በሙሉ «አንቺ ባለ ሻርፗ» ስትባል ሰምተናል። ልጅቱ መልሱን እያወቀች እጅዋን ማውጣት ተወች። ሌላውም «አንተ ደደብ» ከተባለ በኋላ ጥያቄ መጠየቁን አቆመ። ስም የመጀመሪያው አክብሮት ነው። የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የሐረሪውና የአማራው ልጅ ስም ወላጆቹ እንዳወጡለት ሆኖ ቢጠራ፣ ያ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ቦታ እንዳለው ያውቃል።

ስለዚህ ይህን እንመክራለን። ተማሪዎች መምህሮቻችንን በአማርኛ ስናነጋግር «እርስዎ» እንበል፤ በሌላ ቋንቋ ስናነጋግርም የዚያን ቋንቋ የአክብሮት ቃል እንጠቀም። ስማችን ሲጠራም «አቤት» ብለን እንመልስ። መምህራንም በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ የየተማሪውን ስም አጠራር ከራሱ ከተማሪው ይጠይቁ፤ ሲገሥጹም ጥፋቱን ይንቀፉ እንጂ ልጁን አይስደቡ። ወላጆችም በቤት ውስጥ መምህሩን በስሙና በክብሩ ያንሡ፤ ልጅ በቤቱ የሰማውን ወደ ክፍል ይዞ ይመጣልና። እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን፤ ከመካከላችንም ነገ መምህር የሚሆኑ አሉ። እነዚያ ጓደኞቻችን በተማሪዎቻቸው ፊት ሲቆሙ ከሁሉ አስቀድመው ስም ይማሩ።