የፈረስና የበቅሎ እርባታ በደቡብ ወሎ

የፈረስና የበቅሎ እርባታ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ከጥንት ጀምሮ የቆየ የገበሬ ሥራ ነው። በደሴ ዙሪያ፣ በተንታ፣ በለጋምቦና በወረኢሉ ከፍተኛ ቦታዎች ብርዱ ብዙ ሰብል ስለማያበቅል ኑሮው በገብስ፣ በበግና በጋማ ከብት ላይ ያተኩራል። ፈረስ ለግልቢያ፣ ለጭነትና በአውድማ ላይ እህል ለማበራየት ያገለግላል።

ከፍታና በሽታ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለፈረስ ግን ትልቅ ልዩነት ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የሚያስተላልፉት ከትንኝ ያነሱ ደም መጣጭ ነፍሳት ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ይራባሉ። በሽታው ከያዛቸው 100 ፈረሶች ከ70 እስከ 95 ሊሞቱ ይችላሉ። በበቅሎ ላይ ሞቱ ወደ 50፣ በአህያ ላይ ወደ 10 ይወርዳል። ስለዚህ ፈረስ የደጋ እንስሳ ሆኖ ሲቀር፣ ወደ ቆላ የሚወርደውን ጭነት በቅሎና አህያ ይሸከማሉ፤ ከባቲ በታች ባለው የአፋር ምድር ደግሞ ተራው የግመል ነው። ዛሬ የበሽታው ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታል።

ባዝራና በቅሎ

በቅሎ የምትወለደው ከድንጉላ አህያና ከባዝራ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶሞች ሲኖሯቸው በቅሎ 63 ስለሚደርሳት መካን ናት። («በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለው ተረት አባቷን ቢደብቅም ዝምድናውን አልሳተም።) በቅሎ ዘሯን መተካት ስለማትችል እያንዳንዷ በቅሎ አንዲት ባዝራ ትፈልጋለች። ባዝራ ደግሞ 11 ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውርንጭላ ብቻ ትወልዳለች። የእርባታው ዋና ችግርም እዚህ ላይ ነው፦ ገበሬው ጥሩዋን ባዝራ ለአህያ ከሰጣት ውድ የምትሸጥ በቅሎ ያገኛል፤ በዚያ ዓመት ግን ከእርሷ የሚተካ ፈረስ አያገኝም።

በጦርነትና በመንገድ

የወሎ ፈረሰኛ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት በራስ ሚካኤል መሪነት ተዋግቷል። ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል የፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» ነበር። ይሁን እንጂ ሹማምንት በረጅም ጉዞ የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር፤ የጦር ፈረሱ ሳይደክም እንዲደርስ በልጓም እየተሳበ ይከተላል። እርካቡም ጠባብ ስለነበር ጋላቢው ባዶ እግሩን ሆኖ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ነበር። ሙሽራም በበቅሎ ትወሰድ ነበር።

ከመኪና መንገድ በኋላ

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠሩት መንገዶች ደሴንና ኮምቦልቻን ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከአሰብ ጋር በመኪና አገናኙ። የሲራራ ነጋዴው ረጅም የበቅሎ ጉዞ በዚህ ምክንያት እየቀረ ሄደ። መኪና በማይገባባቸው ገደላማ ቀበሌዎች ግን እህል ወደ ገበያ፣ በሽተኛም ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው እስከ ቅርብ ጊዜ በጋማ ከብት ነበር። በከተማም ፈረስ ጋሪ እየጎተተ ቀጥሏል፤ ለዚህ ግን ሜዳማዋ ኮምቦልቻ ከዳገታማዋ ደሴ ይልቅ ትመቻለች። አሁን የጋሪውን ተሳፋሪ ባጃጅ ወስዶበታል።