አውራ አምባ፦ የአምልኮ ቤት የሌላት መንደር እምነትና ሥርዓት

ከመካነ ሰላም እስከ አምባ መቅደላ በሚዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የቀኑ ውሎ የሚለካው በደወልና በአዛን ነው። ክርስቲያኑ በሰንበቴና በማኅበር፣ ሙስሊሙ በጁምዓና በወዳጃ ይገናኛል፤ በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ዳስ ሥር ይቀመጣሉ። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው በደቡብ ጎንደር ዞን ፎገራ ወረዳ ወደምትገኘው አውራ አምባ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚያስተውለው በመንደሯ ውስጥ የሌለውን ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ የለም።

መንደሯ ከባሕር ዳር 73 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከደሴ ተነሥቶ በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ ዓለም በር ከተማ ሲደርስ ከመንደሯ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ብዙዎች ስለ ነዋሪዎቿ ሲያነሡ «ሃይማኖት የለሾች» ይሏቸዋል። ነዋሪዎቿ ግን በፈጣሪ እንደሚያምኑ ይናገራሉ። ልዩነቱ ያለው ፈጣሪን በሚያገለግሉበት መንገድ ላይ ነው።

መነሻው

የማኅበረሰቡ መሥራች ዶክተር ዙምራ ኑሩ በ1939 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር እስቴ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ማኅበረሰቡ ለእንግዶች በሚተርከው ታሪክ መሠረት ሁሉም ነገር የጀመረው ገና በልጅነታቸው በጠየቁት ጥያቄ ነው። እናታቸው ከአባታቸው እኩል በእርሻ ሲደክሙ ይውላሉ። ማታ ቤት ሲገቡ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ልጅ ያጠባሉ፣ የባላቸውንም እግር ያጥባሉ። አንዱ ሥራ ከጎደለ ይሰደባሉ። ልጁ ይህ ለምን እንደሚሆን ሲጠይቅ የሚመልስለት አላገኘም፤ እንዲያውም እንደ ሕመምተኛ ተቆጠረ።

ዙምራ ካደጉ በኋላ ሐሳባቸውን የሚጋራቸው ሰው ፍለጋ ከአገር አገር ተዘዋወሩ። በመጨረሻም በፎገራ አካባቢ የሚሰሟቸው ጥቂት ገበሬዎች አገኙ፤ በ1964 ዓ.ም. ከእነርሱ ጋር በመሆን ማኅበረሰቡን መሠረቱ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለመሥራቹ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

የእምነቱ መሠረት

የአውራ አምባ ሰዎች ፈጣሪ አንድ ነው፣ በሁሉም ቦታም ይገኛል ብለው ያምናሉ። በሁሉም ቦታ ለሚገኝ ፈጣሪ ለብቻው ቤት መሥራት አያስፈልግም የሚለው አቋማቸው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ካህን ወይም ሼኽ የላቸውም፤ የተወሰነ የጸሎት ሰዓት፣ የጾም ወቅት ወይም ሥራ የሚቆምበት የአምልኮ ቀንም አልደነገጉም። ሰው ለሰው መልካም ሲያደርግና በሐቅ ሠርቶ ሲበላ ፈጣሪውን አገለገለ ይላሉ።

ማኅበረሰቡ የሚመራባቸው ዋና ዋና መርሆዎች አምስት ናቸው። እነርሱም የሴቶችን የእኩልነት መብት ማክበር፣ የሕፃናትን መብት ማክበር፣ በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት ያልቻሉትን መርዳት፣ ከክፉ ንግግርና ከክፉ ድርጊት መራቅ፣ እንዲሁም የሰውን ልጅ ሁሉ እንደ ወንድምና እንደ እህት መቀበል ናቸው። ክፉ ንግግር የሚባሉት ውሸት፣ ሐሜትና ስድብ ሲሆኑ፣ ስርቆትና ጠብ ከክፉ ድርጊት ይቆጠራሉ። መጠጥ፣ ጫትና ሲጋራም በመንደሯ ቦታ የላቸውም።

ቤትና ሥራ

ይህ እምነት በተግባር የሚታየው በየቤቱ ነው። ሥራ የሚከፋፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ሴት ሞፈር ጨብጣ ታርሳለች፤ ወንድ ምጣድ ላይ እንጀራ ይጋግራል፣ ልጅ ያጥባል። በሌላው አካባቢ ጥጥ መፍተል የሴት፣ ሽመና ደግሞ የወንድ ሥራ ተደርጎ ሲወሰድ፣ በአውራ አምባ ሁለቱም ፆታዎች ሁለቱንም ይሠራሉ።

ቤተሰብ በየ15 ቀኑ ይወያያል። ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው በቤቱ ውስጥ የታየውን ጥፋት ይናገራሉ፤ የእነርሱም ጥፋት ይነገራቸዋል። በቤተሰብ ደረጃ ያልተፈታ ጉዳይ ለዚሁ ወደ ተመረጡ ሰዎች ይሄዳል።

አረጋውያን ጧሪ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም እንክብካቤ የሚያገኙበት ቤት አለ። ነዋሪዎች በሳምንት አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ገቢ ለተቸገሩ መርጃ ይውላል። አብዛኞቹ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ናቸው፤ አባላቱም የዓመቱን ትርፍ እኩል ይካፈላሉ።

ጋብቻ፣ ሞትና በዓል

አዲስ እንግዳን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ጋብቻ የሚፈጸመው በተጋቢዎቹ ፈቃድ ነው። ሴቷ 19፣ ወንዱ 22 ዓመት ሳይሞላቸው አይጋቡም። ድግስ አይደገስም፣ ጥሎሽም አይሰጥም፤ ሙሽሮቹ ውል ፈርመው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ሰው ሲሞትም ቀብሩ በአጭር ጊዜ ይፈጸማል፤ ለቀናት የሚዘልቅ ለቅሶም ሆነ ተዝካር የለም። ይህ ለወሎ ሰው የጭካኔ ያህል ሊሰማው ይችላል። ማኅበረሰቡ የሚሰጠው ምክንያት ግን ቀላል ነው፤ ሰውን መንከባከብ የሚገባው በሕይወት እያለ ነው፣ ከሞተ በኋላ የሚፈስሰው ገንዘብ ለእርሱ አይደርስም ይላሉ። ለሠርግና ለተዝካር ሲል በሬውን የሸጠ ወይም አራጣ የተበደረ ገበሬ በየቀበሌው ስለማይጠፋ፣ በሐሳቡ የማይስማማ ሰው እንኳ ጉዳዩን ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

የተከፈለው ዋጋ

ይህ አኗኗር በቀላሉ የጸና አይደለም። የአካባቢው ሰው ማኅበረሰቡን ከሃይማኖትና ከባህል እንደወጣ አድርጎ ስለተመለከተው ለረጅም ጊዜ አግልሎት ኖሯል። በደርግ ዘመን ደግሞ አባላቱ የመንግሥት ተቃዋሚዎችን ይደግፋሉ ተብለው ተከሰሱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ቀያቸውን ትተው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ በቦንጋ አካባቢም ዓመታትን አሳለፉ።

ደርግ ወድቆ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው። በእጃቸው የቀረው 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። ነዋሪው ከ400 በላይ መሆኑ ሲታሰብ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከ450 ካሬ ሜትር ያንሳል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ተብሎ ቢሰላ ይህ የጥማድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የመኖሪያ ቤቱም የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው።

እርሻ ብቻውን ስለማያኖራቸው ፊታቸውን ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ንግድና ጎብኚ ወደ ማስተናገድ አዞሩ። ዛሬ እንግዳው የሚያየው የሽመና ቤት የተወለደው መሬት ከማጣት ነው። የመሬት ጥበት በየዓመቱ በሚብስባቸው ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ወጣቶች ይህ የታሪኩ ክፍል ከእምነቱ ባልተናነሰ ትምህርት ይሆናል።

ኩዌከሮች፦ የሩቅ ዘመዶች

ያለ ካህን ማመንና ሰውን ሁሉ እኩል ማየት በአውራ አምባ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በጆርጅ ፎክስ ስብከት የተነሡት ኩዌከሮች፣ የፈጣሪ ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ብለው አስተማሩ። ሴቶች እንዲሰብኩ ፈቀዱ፣ ለባለሥልጣን ባርኔጣ ማውለቅን እንቢ አሉ፣ ጦርነትንም አወገዙ። በዚህም ብዙዎቹ ታሰሩ። በጥንታዊው ሥርዓታቸው አምልኮ ማለት በጋራ በዝምታ መቀመጥ ነው፤ የሚናገረው መንፈስ ያነሣሣው ሰው ብቻ ነው። ዛሬ በርካታ ኩዌከሮች በጎረቤታችን ኬንያ ይገኛሉ፤ እነርሱ ግን ፓስተርና መዝሙር አላቸው። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የብሪታንያና የአሜሪካ የኩዌከር ተራድኦ ድርጅቶች የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተካፍለዋል።

በአውራ አምባና በኩዌከሮች መካከል የታወቀ የታሪክ ትስስር የለም፤ ልዩነታቸውም ግልጽ ነው። ኩዌከሮች የተነሡት ከክርስትና ውስጥ ሲሆን ለአምልኮ ይሰበሰባሉ። የአውራ አምባ ሰዎች ግን ለአምልኮ ተብሎ የሚደረግ ስብሰባ የላቸውም።

ለሚጎበኙ

ወደ አውራ አምባ የሚሄድ ሰው የራሱን እምነት እንዲተው አይጠየቅም። አስጎብኚዎቹ የማኅበረሰቡ አባላት ናቸው፤ ጥያቄ መጠየቅም ነውር አይደለም። ማደሪያና ምግብ አለ፤ በእጅ የተሠሩ አልባሳትም ይሸጣሉ። ጎብኚው የአረጋውያኑን ቤት፣ የሕፃናቱን መማሪያ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ጭስ የሚቀንሰውን የጭቃ ምድጃ ማየት ይችላል።

በደወልና በአዛን መካከል ያደገው የወሎ ሰው ከዚህ ሲመለስ ሃይማኖቱን ይዞ ይመለሳል። ምናልባት አብሮት የሚመለሰው ዙምራ በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ ባልና ሚስት እኩል ደክመው ከእርሻ በሚገቡበት ምሽት ምድጃው አጠገብ የሚቆመው ማን ነው?