ጅግጅጋን ማን ሣላት? የአደባባይ ሥዕልና ሐውልት በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ታሪክ



የአደባባይ ሥዕል ሲነሣ ልማዳችን ሥዕሉ የሚገኝበትን ከተማ ማጥናት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጀምረው ከራሷ ርቃ ስለተሣለች ከተማ ነው።

ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መልሰው ያዟት። ይህን ጦርነት የሚዘክረው ታላቁ ሥራ ግን የቆመው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ነው። ትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ተሠርቶ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ተመረቀ። በግራና በቀኝ ያሉት ቅርጻ ቅርጾች ታሪኩን የሚተርኩት ከአብዮቱ አንጻር ነው። የወደቁት ኩባውያንም በቦታው ይታሰባሉ። ሁለት ጊዜ ጦር ያለፈባት ከተማ ነዋሪ ግን የዚያ ትረካ ባለቤት አይደለም።

ከድንበሩ ማዶ፣ በሐርጌሳ፣ ሌላ መታሰቢያ አለ፤ በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ከተማውን በአየር መደብደቡን የሚያስታውስ ሚግ አውሮፕላን። የቆመበት መሠረት በቀለም ሥዕል ተሸፍኗል። ይህን ሥዕል ከአውበሬ ለይቶ ማጥናት አይቻልም፤ ከዚያ ድብደባ የሸሹት ሰዎች ወደ ሐርቲሼክ፣ ወደ ቀብሪ በያህና በአማርኛ ተፈሪ በር ወደምትባለው አውበሬ ነው የፈለሱት። ስሟን ከሼኽ አው በሬ መቃብር የወረሰችው ይህች ትንሽ ከተማ ስደተኞቹን ተቀበለች፤ ሥዕሉ ግን ሐርጌሳ ቀረ።

ጅግጅጋ የራሷን ትልቅ ሐውልት ያቆመችው ዘግይታ፣ ከ2002 እስከ 2010 ዓ.ም. ክልሉን በመሩት በአቶ አብዲ መሐመድ ዑመር ዘመን ነው። በፈረስ ላይ ያለው ሰው ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ነው። ልብ በሉ፤ በ1892 ዓ.ም. ጅግጅጋ የሰፈረውን የኢትዮጵያ ጦር ያጠቁት የእርሳቸው ደርቪሾች ነበሩ፤ እርሳቸውም ያረፉት በ1913 ዓ.ም. በዚሁ ክልል፣ በኢሚ ነው። የሞቃዲሾው ሐውልታቸው የሶማሊያ መንግሥት በፈረሰበት ሁከት ጠፋ። ስለዚህ የሶማሊያ ብሔርተኝነት አርማ የነበሩት ሰው ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ በክልል መንግሥት ውሳኔ ቆመዋል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ተቃርኖ ያዩታል፤ እኔ ፌዴራሊዝሙ ለክልሎች የሰጠው የትረካ ሥልጣን በድንጋይ ሲገለጽ ነው የማየው። ሥልጣኑ ከሕዝቡ ይልቅ በገዥው እጅ መዋሉ ግን አይካድም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የሱቅ ግድግዳ ነው። የሶማሊኛ የላቲን ጽሕፈት በሶማሊያ የታወጀው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ማንበብ ላልተማረ ደንበኛ የሚሸጠውን ዕቃ በሥዕል ማሳየት በሶማሌ ከተሞች የተለመደ ነበር፤ ዛሬም አልቀረም። ግመል፣ የወተት ዕቃ፣ መርፌና መድኃኒት፣ የወንድ ጸጉር አቆራረጥ ሁሉ በደማቅ ቀለም ይሣላል። ሠዓሊው ክፍያውን የሚቀበለው ከባለሱቁ ነው እንጂ ከመንግሥት አይደለም። ሱቁ ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት በላዩ ሌላ ቀለም ይቀባበታል።