በሕያው ቆዳ ላይ የተጻፈ፤ የከብት ምልክት ከመተኮሻ እስከ መንቀሻ

ደገኛው ታሪኩን በሞተ ፍየል ቆዳ ላይ ጻፈ፤ ቆለኛው በሕያው ግመል ቆዳ ላይ። ስለ ብራናው የሚበቃውን ያህል ተነግሯል። በከብት ገላ ላይ ስለሚቀረጸው ምልክትና ምልክቱን ስለሚሠራው መሣሪያ ግን የተጻፈልን እምብዛም ነው። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችን ከድሬዳዋ በስተምዕራብ የምትገኘው መልካ ጀብዱ ናት።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መሻገሪያ ባለበት መንጋ ከመንጋ ይገናኛል፤ ይቀላቀላልም። የኢሳና የጉርጉራ፣ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች በሚጎራበቱበት በዚህ ቆላ «የእኔ ነው» የሚለው ቃል ያለ ማስረጃ ክብደት የለውም። ሁለት በሬ ያለው የደጋ ገበሬ አንዱን ቦራ፣ ሌላውን ዳለቻ ብሎ በመልኩ ይጠራዋል፤ ጎረቤቱም ያውቅለታል። ብዙ ግመል ይዞ ግጦሽና ውኃ ተከትሎ ለሚጓዝ ሰው ግን መልክ አይበቃም። እንስሳው ከጌታው ርቆ፣ ጌታውን በማያውቁ ሰዎች መካከል በተገኘ ጊዜ፣ ራሱ ስለ ራሱ መናገር አለበት።

ሶማሌዎች ይህን ምልክት ሱማድ ይሉታል። ጭረት፣ ቀለበት፣ መስቀለኛ መስመር ወይም ቅስት ሆኖ በአንገት፣ በጉንጭ ወይም በታፋ ላይ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ቅርጹ ብቻ ሳይሆን ያረፈበት የገላ ክፍልም የንባቡ አካል ነው። በደቡብ በቦረናዎች ዘንድ ደግሞ የከብቱ ጆሮ በየጎሣው ሥርዓት ይቆረጣል። በመሆኑም ፊደል አልቆጠረም የምንለው እረኛ፣ እኛ የማናነበውን ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ንባቡ የዋዛ አለመሆኑን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል፤ አርብቶ አደሩ የታመመ ግመሉን በእሳት ተኩሶ ያክማል። ስለዚህ በአንዱ ገላ ላይ የሕክምና ጠባሳና የባለቤትነት ጠባሳ ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንግዳ ሰው ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል፤ ሽማግሌው አያቀላቅላቸውም። የጠፋ ወይም የተዘረፈ ግመል ጉዳይ በሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ የዳኝነቱ መነሻ ይኸው ንባብ ነው።

መተኮሻው ተራ የብረት ዘንግ ነው፤ አያያዙ ግን ልክ ይፈልጋል። ብረቱ በሚገባ ሳይግል ቢያርፍ ጸጉሩን ብቻ ይለበልባል፤ ጸጉሩ መልሶ ሲበቅል ምልክቱ ይሰወራል። ከመጠን በላይ ቢግል ወይም ገላው ላይ ቢዘገይ ጠልቆ ያቆስላል፤ ቁስሉም ሲድን ቅርጹን ያዛባል። ዝገቱና የተቃጠለው ጸጉር ካልተፋቀለት ደግሞ መስመሩ እየወፈረ ሄዶ አንዱ ጎሣ የሌላውን እስኪመስል ይደርሳል።

ይህን ብረት የሚቀጠቅጠው ማን ነበር? በሶማሌ ኅብረተሰብ ውስጥ ቱማል የሚባለው አንጥረኛ ነው። ቱማል ከሌላው ጎሣ ጋር እንዳይጋባ የተከለከለ፣ በሙያው የተናቀ ሰው ነበር። ደጋውም ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ከማዕዱ ሲያርቀው ኖሯልና በዚህ ረገድ ቆላና ደጋ አልተለያዩም። የጎሣው ስም የሚጻፍበትን ብረት የሠራው እጅ ከጎሣው ክብር ድርሻ አልነበረውም። ስለ ሕዝብ ኪነ ጥበብ በምንጽፍበት ጊዜ ጌጡን አድንቀን አንጥረኛውን የምንዘለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ከባቡሩም ጋር ሌላ አንባቢ መጣ፤ የቆዳ ነጋዴው። ለእረኛው ማስረጃ የሆነው ተኩስ ለነጋዴው ጉድለት ነው። በበሬ ጎን ላይ ያረፈ ሰፊ ጠባሳ ቆዳው ከለፋ በኋላም ስለሚታይ ዋጋውን ይሰብረዋል። የእንስሳት ሀብት ባለሙያዎች ተኩሱ በጉንጭ ወይም በእግር ታችኛው ክፍል ላይ እንዲወሰን ሲመክሩ የኖሩትም ከዚህ የተነሣ ነው።

የጆሮ መንቀሻው ፒንሳ የተወለደው ከሌላ ፍላጎት ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሥራውን እንደ ጀመረው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ባለ ተቋም ውስጥ ዋናው ጥያቄ እንስሳው ከማን ተወለደ የሚለው ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በሐረርጌ የሶማሌ ፍየል ከአንግሎ ኑቢያን አውራ ጋር ሲዳቀል፣ እናትና አባቱ ያልታወቀ ግልገል ለዘር ማሻሻያው ሥራ የሚሰጠው ትምህርት አልነበረም። ለዚህ ዓይነቱ መዝገብ በየአገሩ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ንቅሳት ነው። እናቶቻችን በመርፌና በጥላሸት አንገታቸውንና ድዳቸውን ሲነቀሱ ኖረዋልና ጥበቡ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

በፒንሳው መንጋጋ ላይ በመርፌ ጫፍ የተሠሩ ቁጥሮች ይሰካሉ። ቁጥሮቹ ተገልብጠው ስለሚታዩ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተጭኖ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከጆሮ ላይ አይፋቅም። ጆሮው በአልኮል ተጠርጎ፣ ደም ሥሩን በመሸሽ በሁለት የልም አጥንት መስመሮች መካከል ቀለሙ ይቀባል፤ ከዚያም ፒንሳው አንዴ በጽኑ ተጨብጦ ይለቀቃል። ቀለሙ ወደ ቀዳዳዎቹ እስኪገባ በጣት ወይም በብሩሽ ይታሻል። ለጥቁር ጆሮ አረንጓዴ ቀለም ይመረጣል፤ ከዓመታት በኋላም ቁጥሩን ለማንበብ ከጆሮው ጀርባ ባትሪ ማብራት ያግዛል። ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሲታለፍ መርፌው ካልጸዳ መሣሪያው ራሱ የደም በሽታና የኪንታሮት አስተላላፊ ይሆናል። ሥራው ሲያበቃ የደረቀው ቀለም በብሩሽ ይወጣል፣ ብረቱ ይደርቃል፣ መጋጠሚያው ዘይት ይቀባል፣ ጫፉ የዶለዶመ ቁጥርም ይለወጣል። ቀለም የደረቀበት መርፌ የሚተወው ነጥብ ከጊዜ በኋላ አይነበብም።

ከነጋዴውና ከተመራማሪው በኋላ የመጣው ሦስተኛ አንባቢ መንግሥት ነው። በ1880 ዓ.ም. የገባው የከብት ደስታ በሽታ ያስከተለውን ክፉ ቀን የማያውቅ የለም። በሽታውን ለማጥፋት በአፍሪካ በተካሄዱት ዘመቻዎች በብዙ አገሮች የተከተበ ከብት ጆሮው እየተበጣ ካልተከተበው ይለይ ነበር። በአገራችን በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. በአፋር ሲሆን፣ ዓለም ከበሽታው ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ1993 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በመቀስቀሱ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በአፍሪካ ቀንድ ከብት ላይ በራቸውን ዘጉ፤ የምሥራቁ አርብቶ አደርም በአንድ ጊዜ ገበያ አጣ። ከዚያ ወዲህ ገዢው የእንስሳውን ጤናና መነሻ በሰነድ መጠየቁን አጠናከረ፤ ለውጭ ገበያ በሚላከው ከብት ጆሮ ላይም የፕላስቲክ ቁጥር መንጠልጠል ጀመረ።

ቁጥሩ ከብቱ የት እንደ ተነሣና መቼ እንደ ተመዘገበ ይናገራል። የእሾህ ቁጥቋጦ ይዞ ሲጎትተው ግን ጆሮውን ቀድዶ ይወድቃል። ንቅሳቱ አይወድቅም፤ ነገር ግን እንስሳው ተይዞ ጆሮው ካልተገለጠ አይነበብም። ሱማዱን እረኛው ከወንዙ ማዶ ሆኖ ያነበዋል። የፕላስቲኩን ቁጥር ትርጉም ለማወቅ ግን መዝገቡ ወዳለበት ቢሮ መሄድ አለበት።