ጉልበትና ክብደት፦ የአንድ ስሌት ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢሮ ሥራ በኋላ ብረት ለማንሣት እሄድበት በነበረው አዳራሽ ግድግዳ ላይ «የክብደቱን እጥፍ ከመሬት ያነሣ ሰው ከግቡ ደርሷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ባልደረባዬ 58 ኪሎ ይመዝን ስለነበር 116 ኪሎ ይበቃው ነበር፤ 82 ኪሎ እመዝን ለነበርኩት ለእኔ ግን ግቡ 164 ኪሎ ሆነ። እርሱ በአንድ ዓመት ደረሰበት። እኔ ግን በችኮላ ስጨምር ወገቤን ተጎድቼ ሦስት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ። የምሰሶን ጭነት ሳያሰላ ግንባታ የማይጀምር መሐንዲስ ለገዛ ጀርባው ስሌት አለማድረጉ የሚያሳፍር ነው። ስለሆነም የዚህን ስሌት ታሪክ ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ ማቅረብ ወደድኩ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የማስታወቂያው ስሕተት ጉልበት ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል ብሎ መነሣቱ ነው። ይህ እንዳልሆነ ጋሊልዮ በ1638 ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚናገረው መጽሐፉ አስረድቶ ነበር። የአንድ አካል መጠን በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ ጭነት የሚሸከመው የአጥንቱ ወርድ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። ትንሽ ውሻ እንደ ራሱ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ውሾች ሊሸከም ሲችል፣ ፈረስ ግን አንድ ፈረስ እንኳ መሸከም የማይችለው ከዚህ የተነሣ ነው። የጡንቻም ኃይል በወርድ ስፋቱ ስለሚወሰን ሕጉ ለሰውም ይሠራል።

ስፖርቱ ይህን እውነት የተቀበለው ዘግይቶ ነው። በ1896 በአቴና ኦሊምፒክ ከባዱም ቀላሉም ክብደት አንሺ በአንድነት ተወዳደረ፤ በክብደት ተከፍለው በአምስት ምድብ መወዳደር የጀመሩት በ1920 በአንትወርፕ ነው። በ1956 ደግሞ ሊትዝኪ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የክብረ ወሰን ውጤቶችን ከአንሺዎቹ ክብደት ጋር አነጻጽሮ፣ ጉልበት የሚያድገው በክብደት ሁለት ሦስተኛ ኃይል ገደማ መሆኑን በሳይንስ መጽሔት አሳተመ። በዚህ ቀመር ከባልደረባዬ 116 ኪሎ ጋር የሚመጣጠነው የእኔ ግብ 146 ኪሎ እንጂ 164 አልነበረም። ወገቤን የጎዳው እንግዲህ አለአግባብ የተጨመረው 18 ኪሎ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ቀመሩም ወሰን አለው። በ1988 በሴኡል ናይም ሱለይማኖግሉ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሣ፤ ይህም ከክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በ2021 ላሻ ታላካድዜ ያነሣው 267 ኪሎ ደግሞ የክብደቱን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። የሁለት ሦስተኛው ቀመር ከሚሰጠውም እጅግ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም በከባድ ሰው ላይ የሚጨመረው ሥጋ ሁሉ ጡንቻ አይደለም።

ስለ ሰውነት ክብደትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ቤልጅጋዊው ኬትሌ የጎልማሶች ክብደት በቁመታቸው ስኩዌር ልክ እንደሚያድግ በ1835 ሲጽፍ ዓላማው አማካዩን ሰው መግለጽ እንጂ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መፍረድ አልነበረም። መለኪያው ዛሬ የሚጠራበትን ስም አንሰል ኪስ በ1972 ሰጠው፤ ጡንቻን ከስብ ግን አይለይም። በ1995 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ስቡን ቀንሶ የቀረውን ክብደት ለቁመት ስኩዌር ሲያካፍል፣ አበረታች መድኃኒት የማይወስዱ ወንድ ስፖርተኞች ከ25 ገደማ እንደማያልፉ አገኘ። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ወንድ፣ 15 በመቶው ስብ ቢሆን፣ ይህ ወሰን 85 ኪሎ ገደማ ያደርሰዋል። ከዚያም የሚደርሱት ጥቂቶች፣ ያውም ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ናቸው። ስለዚህ ይህ ቁጥር ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም።

ታዲያ ግብ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ በሚገባ የመለሰው ዶክተር ቶማስ ደሎርም ይመስለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ በሽተኛው አሥር ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን ክብደት ለይቶ ሕክምናውን በዚያ ላይ መሠረተ፤ ውጤቱንም በ1945 አሳተመ። በ1948 ከዋትኪንስ ጋር ባቀረበው ሥርዓት በሽተኛው መጀመሪያ የዚህን ክብደት ግማሽ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን፣ በመጨረሻ ሙሉውን አሥር አሥር ጊዜ ያነሣል፤ ጉልበቱ ሲጨምር ጭነቱ ይጨመራል። መለኪያው የሌላ ሰው ክብረ ወሰን ሳይሆን የራሱ የበሽተኛው የዛሬ ዐቅም ነበር። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2009 ያወጣው ምክርም ከዚህ አይርቅም፤ አንድ ሰው ከታቀደው ድግግሞሽ አንድ ወይም ሁለት አትርፎ ማንሣት ሲችል ከ2 እስከ 10 በመቶ ይጨምር ይላል።

ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ ለሚውል የሙያ ጓደኛዬ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ቀመሮቹ የጣሪያውን ከፍታ ይነግሩናል፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ቁመት ግን የሚነግረን የገዛ መዝገባችን ብቻ ነው። እኔ ዛሬ 130 ኪሎ አነሣለሁ። ባለፈው ዓመት 120 ነበር፤ ወገቤም ደኅና ነው።