ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ስፍራ

በታች ጋይንት የምትገኘው የአርብ ገበያ ከተማ ስሟ ራሱ ስምምነት ነው። ሻጭና ገዢ ቀኑን አስቀድመው ባይወስኑ ኖሮ፣ አንዱ ሐሙስ፣ ሌላው ቅዳሜ እየመጣ ሳይገናኙ በቀሩ ነበር። የቀኑ ጥቅም ዓርብ ከሌሎቹ በመብለጡ ሳይሆን ሁሉም በማወቁ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ስፍራውን ያገኘበት ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር የሚያስተናግደው ቁጥርን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጁ ባለሙያዎች በቦታ ጥበት ተቸግረው ነበር። በጊዜው አንድ የፊደል ገበታ ከ256 የበለጠ ምልክት አይዝም፤ የኛ ፊደል ግን ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ ፊደሉን በሁለት ገበታ ከፈለው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ቅርጾች ገጣጠመው። ዘዴዎቹ በየራሳቸው ብልኅነት የተመላባቸው ቢሆኑም፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

ችግሩ የኛ ብቻ አልነበረም። የሊኑክስ አዘጋጆችም ፋይሎቻቸውን እያንዳንዳቸው በመሰላቸው ማኅደር እያኖሩ ከተቸገሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የማኅደሮቹን አቀማመጥ በአንድ ደንብ ወስነዋል።

እንደ ፍሥሐ አጥላው፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች የደከሙበት ሥራ ፍሬ አፍርቶ፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 ምልክቶችን መዘገበ። አደራደሩም የፊደል ገበታችንን ጠባይ የተከተለ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ተከታታይ ስፍራዎች ተመደቡ፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624 ሆኑ። በመሆኑም ቁጥሩ ለስምንት ሲካፈል ቀሪው የፊደሉን ድምፅ ይናገራል፤ ዜሮ ከሆነ ግዕዝ፣ አንድ ከሆነ ካዕብ፣ ሁለት ከሆነ ሣልስ ነው። «ቈ»ን በመሳሰሉት ቤቶች ባዶ የቀሩ ስፍራዎች መኖራቸው ለዚህ ሥርዓት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ይሁን እንጂ ስምምነት ሁሉን ችግር አይፈታም። በቀድሞዎቹ ዘዴዎች የተጻፉ ሰነዶች የየራሳቸው መለወጫ ያስፈልጋቸዋል፤ የአንዱ ዘዴ ሠንጠረዥ ከጠፋ በእርሱ የተጻፈውን ማንበብ እጅግ አዳጋች ይሆናል። ከዚህም ሌላ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር አይለወጥም። የሰባት ቤት ጉራጌ ተጨማሪ ፊደላት በ2005፣ ሌሎች የጉራጌ ፊደላት ደግሞ በ2021 ሲመዘገቡ፣ ቀዳሚዎቹ ረድፎች ስለ ተያዙ ስፍራቸው ሌላ ሆነ።

ለመሐንዲስ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ የጋራ ደንብ ሳይዘገይ መውጣት አለበት፤ ከመውጣቱም በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ ሊመክሩበት ይገባል። ገበያው ከቆመ በኋላ የደረሰ ነጋዴ፣ ዕቃው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ የሚዘረጋው በተረፈው ስፍራ ነው።